ወንድሜ በእንግሊዝኛ ሲያፈቅር

ወንድሜ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «በረዶ» ይለዋል፤ እኔም ሲያናድደኝ በዚያው ነው የምጠራው። ሲናገር በቃል የሚያስከፍሉት ይመስል ይቆጥባል። በልተሃል ስትሉት «አዎ»፣ ምን በላህ ስትሉት «ምግብ»። ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ስኖር ጨዋታ ሲያምረኝ የማወራው ከስፌት መኪናዬ ጋር ነው። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የፊተኛው ክፍል ሱቄ ነው፣ የኋለኛው መኖሪያችን፣ በመሃል ያለው በር ደግሞ ደንበኛ አዝዞት ቀለሙን ሲያይ ጥሎት የሄደ ቡናማ መጋረጃ ነው።

ይህ ሰው አንድ ቀን ከሥራ ተመልሶ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ የሰቀልኳቸውን መጋረጃዎች አንድ በአንድ ቃኘና «እትዬ፣ ሰማያዊው ከፍቶታል» አለኝ። ግንባሩን ዳሰስኩት። ትኩሳት የለውም።

ለካ እንግሊዝኛው ነው። አዲሶቹ ማቀዝቀዣዎች ከእንግሊዝኛ መመሪያ ጋር ስለሚመጡ፣ የእንግሊዝኛ ሰርተፊኬት የሌለው ጠጋኝ እንዳይነካቸው አለቃው አስጠንቅቆ ስለነበር፣ ወንድሜ ከሥራ በኋላ ሊማር ተመዝግቧል። እኔ ይህ ቧንቧ ነው፣ ይህ ብሎን ነው እያሉ የሚያስተምሯቸው መስሎኝ ነበር። አስተማሪው ግን ሌላ ዓላማ ነበረው። የኮቱ ኪስ በጠመኔ የተሞላ ቀጭን ሰው ነው። ዘይቤ የማያውቅ ሰው እንግሊዝኛ ተናገረ አይባልም ብሎ፣ በየሳምንቱ አንድ ዘይቤና አንድ ገጽ ከባድ ከባድ ቃላት ያሸክማቸዋል። ፍሪጅ ጠጋኙ፣ የባንክ ዘበኛው፣ የሆቴል ወጥ ቤቱ፣ ሁሉም በየሥራቸው ላይ ሲሚሊና ሜታፎር ሲያጉረመርሙ ይውላሉ። ወንድሜ የሰውን ፍሪጅ ከፍቶ «ሜላንኮሊ ይዞታል»፣ ትካዜ ማለቱ ነው፣ ብሎ ባለቤቱን አስደንግጧል። ሴትዮዋ በሽታው ወደ ምግቡ ይጋባ እንደሆነ ጠይቃዋለች።

ከሁሉም የባሰው የክፍሉ ደንብ ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። የሳምንቱን ዘይቤ ከክፍል ውጭ፣ ደረጃ ላይም ሆነ በር ላይ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይሞክረዋል። የተሞከረበት ሰው እዚያው አርሞ ከአሥር ማርክ ይሰጣል። አስተማሪው ይህን ደንብ ሲያወጣ ወንድሜን አያውቀውም ነበር።

ለወንድሜ የደረሰችው የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። እኔ በልቤ «የጥርሷ» እላታለሁ። ሥራዋ ሐኪሙ መርፌውን ሲያዘጋጅ የበሽተኛውን ዓይን ወደ ራሷ መሳብና «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግዎታል እንጂ ምንም አይደለም» ማለት ነው። ይህን የምትለው እጅግ በለሰለሰ ድምፅ ስለሆነ ሰዎች ተነቅሎላቸው ከጨረሱ በኋላም አመስግነዋት ይሄዳሉ አሉ። ያሉት ወንድሜ ነው፤ ስለ እሷ ሲሆን ቃል አይቆጥብም።

እንደወደዳት ያወቅኩት ሸሚዙን ራሱ ሲተኩስ ነው። ኮሌታውን ተኩሶ ጨረሰና እንደገና ጀመረው። ከዚያ በመጋረጃው አንገቱን አስግጎ «እትዬ፣ ጋዝ ጋዝ እሸታለሁ?» አለኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝና ልቤ በደስታ ዘለለ። ይህ ልጅ እናታችን ከሞተች ጀምሮ በእኔ እጅ ነው ያደገው፤ ጸጉሩ መሸበት ጀምሯል፤ ለአንዲት ሴት ሸሚዝ ሲተኩስ አይቼው አላውቅም።

የሲሚሊ፣ ማለትም የተነጻጻሪ ዘይቤ ሳምንት መጣ። በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ቆመው ሳለ ወንድሜ ድፍረቱን ሰብስቦ፣ ዓይኖችሽ የፍሪጅ በር ሲከፈት እንደሚበራው መብራት ናቸው አላት። በእንግሊዝኛ ነው። ከልቡ ነው። እሷም ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አሰበችበትና ሰባት ሰጠችው። ንጽጽሩ አዲስ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ረዝሟል አለችው። ወንድሜ ቤት ገብቶ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ልቤን አውጥቼ ብሰጣት አረመችልኝ አለኝ።

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አልወድም። ሂድና በገዛ ቋንቋህ ንገራት፣ ምን ያሽኮረምምሃል አልኩት። እሱ ደግሞ በገዛ ቋንቋዬ አፌ ይያያዛል አለ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ሌላ ሰው የሚናገር ይመስለዋል፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ደፋር ነው። ይህን ሲለኝ አሳዘነኝ፣ ግን ሳቄም መጣ፤ መቀሱን ፍለጋ ጠረጴዛ ስር ገባሁ።

ቀጥሎ ግነት ሆነ። ወንድሜ አንድ ቀን ከቀረሽ እሞታለሁ፣ ድምፅሽን ካልሰማሁ ጆሮዎቼ ይረግፋሉ አላት። ሞቷል፣ ረግፏል፣ ግነት የሚባል ነገር የለበትም፤ ባልመጣችበት ቀን ያየሁት እኔ ነኝ። እሷ ግን አሥር ከአሥር ሰጠችው፤ ኩራት ስለተሰማት ለአስተማሪው ነገረችው፤ አስተማሪው ደግሞ ሰሌዳ ላይ በትልልቁ ጻፈው። ክፍሉ በሙሉ ገለበጠው። ከዚያ ቆመው በኅብረት ሦስት ጊዜ አነበቡት። ወንድሜ የገዛ ሚስጥሩን ከባንክ ዘበኛውና ከወጥ ቤቱ ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ዘበኛው በማግስቱ ለሚስቱ ብሏት እራት የተለየ እንዳቀረበችለት በክፍሉ ሁሉ ተወራ። የሌላው ሰው ትዳር በወንድሜ ፍቅር ሲሞቅ የወንድሜ ወምበር እንደቀዘቀዘች ቀረች።

የሰውኛ ዘይቤ ሳምንትም እንዲሁ አለፈ። ልቤ አድራሻሽን ጠየቀኝ አላት። ስድስት። ልብ ሰው ከሆነ ጠይቆ ብቻ ዝም አይልም፣ ተነስቶ ይሂድ እንጂ አለችው። እኔ ይህን ስሰማ ጨርቄን ጥዬ ተነሳሁ። ይህች ልጅ እየጠራችህ ነው አልኩት። የለም፣ እያረመችኝ ነው አለ። ሁለታችንም ለራሳችን እርግጠኞች ነበርን።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርቱ ምጸት ነበር፤ አንድን ነገር እያሰቡ ተቃራኒውን መናገር። ያን ዕለት ሐኪሙ የተማሪ ቤት ልጆችን ጥርስ ሲመረምር ስላመሸ የጥርሷ ከክፍል ቀረች። ወንድሜ ቅር ብሎት ገብቶ ቀርታለች ብሎ ነግሮኛል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኛ ልብ አላልነውም።

እኛ ያልነው ሌላ ነው። ወንድሜ ምጸትን ሲያገኝ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የነበረውን ዕቃ ያገኘ መሰለው። ለአፋር ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ? የሚወደውን ሁሉ እንደሚጠላ አድርጎ መናገር፤ ሰሚው ገልብጦ ይረዳዋል። የስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆሞ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበልኝ። የትም ብትቀመጪ ግድ የለኝም። ድምፅሽ እንቅልፌን ያመጣዋል። በር ላይ ቆሜ ጠብቄሽ አላውቅም። ወምበር ብትቀይሪ እፎይ እል ነበር። እያንዳንዱን በልቤ ገለበጥኩት፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዲህ የሚያምር ነገር ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ስለ ሳቋ ምንም አላልክም ብዬ አንድ መስመር ራሴ ጨመርኩለት፦ ሳቅሽ የጥርስ መሰርሰሪያ ይመስለኛል። እስካሁንም ከሁሉ የተሻለው መስመር ያ ነው ብዬ አምናለሁ።

በማግስቱ አስተማሪው ሳይገባ፣ ቦርሳዋን አስቀምጣ ገና ስትቀመጥ፣ ወንድሜ ፊቷ ቆሞ አንድም ቃል ሳያስቀር አወረደው። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። መሰርሰሪያው ላይ ሲደርስ ፈገግ እንዳለም ነግሮኛል፤ ምክንያቱም የእኔ መስመር ያስደስተዋል። እሷ ማርክ አልሰጠችም። ቦርሳዋን አነሳች፣ ተነስታም ፊት ለፊት ከባንክ ዘበኛው ጎን ተቀመጠች።

እና ወንድሜ ምን ሆኖ ቤት ገባ ትላላችሁ? እየዘፈነ። እንዴት ያለች ጎበዝ ናት አለኝ፤ እኔ በቃል ምጸት ብሰራ እሷ በድርጊት መለሰችልኝ፤ ወምበር ቀየረች፣ ይህ ማለት ካንተ አልለይም ማለት ነው። እኔም አፌን ከፍቼ አደነቅኳት። በሚቀጥለው ክፍል ሰላም ሲላት ፊቷን አዞረች፤ ወንድሜ በደስታ ሰከረ። ስልክ ሲደውልላት አላነሳችም፤ ኧረ ይቺስ አስተማሪም ትሆናለች አለ። በመጨረሻ በር ላይ ጠብቋት «እባክህ አታናግረኝ» ስትለው፣ የጥሎሽ ቀን የተቆረጠለት ሰው መስሎ ቤት ገባ።

እኔ ያን ጊዜ የአንድ ሆቴል መጋረጃ እየተኮስኩ ነበር። «አለቀሰች እንዴ?» አልኩት፣ እንዲሁ ነገር ለማሳመር። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፣ ግሩም አድርጋ ነው የምትጫወተው አለ። ካውያው እጄ ላይ ቆመ። ለመሆኑ ምጸት የተማራችሁ ቀን ነበረች ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

ወንድሜ «ቀርታ ነበር» አለና የተናገረውን ራሱ ሰማው። ቀለሙ ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት። ሳጥኑ ላይ ሊቀመጥ ፈልጎ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሆቴሉ መጋረጃ ላይ የካውያው ቅርጽ ሲታተምም ማናችንም አላየነውም።

ከዚያ በኋላ ሊያስረዳት ያልሞከረው ነገር የለም። እሷ ግን ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ትወጣለች፣ ሲያልቅ የለችም። ቀጥሎ ጭራሽ መቅረት ጀመረች። ወንድሜ ሥራውም ጠፋበት፤ የሰው ፍሪጅ ሽቦ ገልብጦ ሰካና ወተቱን ከላይ በረዶ አደረገው፣ ሥጋውን ከታች አበሰለው። ይህ ነገር እንዲህ ከቀረ፣ ሰውየው ዳግመኛ ለማንም አፉን እንደማይከፍት ገባኝ። ክፉኛ ፈራሁለት። ስለዚህ የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ አስያዝኩለት። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ጥርሴን አሞኛል ብሎ ወምበሩ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ትመጣለች፤ ሐኪሙ ሳይገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራታል፤ ዘይቤ የሌለው፣ በገዛ ቋንቋው።

አብሬው ሄድኩ። የተለመደው ዓይነት ክሊኒክ ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ትልቅ የፕላስቲክ መንጋጋ፣ የሚያሳቅቅ ሽታ። እኔን ጥግ ወምበር ላይ አስቀመጡኝ፣ እሱን ተንጋለው የሚተኙበት ላይ። እሷ ገባች፤ ግማሽ ፊቷ በማስክ ተሸፍኗል፤ ወንድሜን ስታይ ዓይኗ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ግን ከኋላዋ ሐኪሙ ተከትሎ ገባ። ወንድሜ «እኔ» አለ፤ በዚያው አፍታ አፉ ውስጥ መስታወትና ምራቅ መሳቢያ ቱቦ ገባ። የእኛ ዕቅድ እዚያ ላይ አለቀ።

የቱ ነው አለ ሐኪሙ። ወንድሜ በጣቱ አንዱን ጠቆመ፤ እግዜር ያሳየውን፣ ወደ ኋላ ያለውን። ከዚያ ጥያቄ መጠየቅ የእሷ ሥራ ሆነ።

«ያምዎታል?» አለችው።

እርስዎ አለችው። አብራው ደረጃ ላይ ቆማ የሳቀች ሰው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነና አዎ ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

ሌሊት ይቀሰቅስዎታል ስትለው አሁንም ነቀነቀ። ይህኛው እውነት ነበር፣ ጥርሱ አይደለም እንጂ። ብዙ ቆየብዎት? ነቀነቀ። ሐኪሙ ይህ ዘግይቶ የሚበቅለው የአእምሮ ጥርስ ነው፣ ጠማማ ነው፣ ከታመመ ቢወጣ ይሻላል አለ። እሷም ይነቀልልዎት ብላ ጠየቀችው። እኔ ከወምበሬ ብድግ አልኩ፤ ኧረ አንድ ጊዜ ቆዩ ልል ነው። ወንድሜ ግን እሷን እሷን እያየ ነቀነቀ። እሷ የጠየቀችውን ነገር ሁሉ ይነቀንቅ ነበር። ክሊኒኩን ያቃጥሉት ወይ ብትለው ኖሮ ክሊኒኩ ይቃጠል ነበር። ሐኪሙ እኔን ቁጭ በይ አለኝ፤ መርፌው ገባ። እሷም ያንን ድምፅዋን አውጥታ «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግዎታል» አለችው። ወንድሜ በዚያ ድምፅ ፊቱ ፈታ አለ፤ እኔ ግን በእሱ ፈንታ ጥርሴን ነክሼ ዓይኔን ያዝኩ።

ጥርሱ ወጣ። ሐኪሙ የሚቀጥለውን ሰው ፎቶ ሊያይ ወደ ጎን ክፍል ገባ። እሷ ጥርሱን በሳህኑ ላይ አጥባ ብርሃን ላይ አነሳችው። አዙራ አየችው። ስንት ጥርስ አይታለች መቼም። ከዚያ ማስኩን ወደ አገጯ አወረደች።

«ይህ ጥርስ ምንም አልሆነም» አለች።

ወንድሜ ፋሻ ነክሶ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደንዝዞ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። አውቃለሁ ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

አንተ አለችው። እሱ ፋሻውን ከአፉ አወጣ። የሚናገረው ግማሹ ፊደል የለውም፤ እኔ ግን ተረዳሁት፣ እሷም ተረድታዋለች።

«አንቺን ላናግር ነው የመጣሁት» አለ። «ስትጠይቂኝ እምቢ ማለት አቃተኝ።»

እሷ ጥርሱን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ነገሩ ከእጃችን ሊያመልጥ ነው ብዬ እኔ ገባሁበት። የቀረሽበት ቀን አስተማሪው ምጸት አስተማራቸው፤ የምትወጂውን ነገር ተቃራኒውን ተናገሪ ነው የሚለው፤ ያ ሁሉ ስድብ ተገልብጦ ነው የሚነበበው፤ አሁን እያንዳንዱን ገልብጪው አልኳት። ቆማ ስትገለብጥ አየኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የትም ብትቀመጪ ግድ የለኝም። ጠብቄሽ አላውቅም። አንድ ቦታ ላይ ቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

«መሰርሰሪያውስ?»

እሱ የእኔ ነው አልኳት። የአፏ ጫፍ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ከዚያ ወደ ወንድሜ ተመለሰች። ድምፅዋ የሥራው ድምፅ አልነበረም፤ ይህኛው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ የነገርከኝ ሁሉ የቤት ሥራ ነበር አለችው። አንዱን ለማርክ፣ አንዱን ለአስተማሪው፣ አንዱን ደግሞ ገልብጠህ።

«አሁን የምትለኝስ የቱ ነው? እኔ በምን ልወቅ?»

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። በዕድሜው ሙሉ ሲቸግረው ወደ እኔ ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ፣ የሚገርመው፣ የምለው ጠፋኝ። ስለዚህ ዓይኑን መለሰና፣ የወረደ ከንፈሩን በእጁ ደግፎ፣ በገዛ ቋንቋችን፣ እንደ ሕፃን ልጅ እየተኮላተፈ «እወድሻለሁ» አላት። ትንሽ ደምም ወጣ። ሌላ ምንም አልጨመረበትም።

እሷ አዲስ ፋሻ አጥፋ አፉ ውስጥ አደረገችለት። አጥብቀህ ንከስ፣ ደሙ እስኪቆም መናገር የለም አለችው። ከዚያ ሐኪሙ የሚቀመጥባትን ክብ ወምበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች፤ ጓንቷን አወለቀች።

«እስከዚያ እኔ ልናገር» አለች። «ስመዘገብ ለሥራ ብዬ ነበር። በኋላ ግን የምመጣው አንተ ስለምትመጣ ነው። ያን ቀን እንዲያ ስትለኝ፣ እንግሊዝኛ ለምን እንደምማር ጠፋብኝ። ቤቴ ገብቼ አሰብኩ፤ አንድም ምክንያት አጣሁ።»

ወንድሜ ፋሻውን ነክሶ እንባው በደነዘዘው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ እየወረደ መሆኑን አያውቀውም፤ አይሰማውም። እሷ በባዶ እጇ ጠረገችለት። ከጎን ክፍል ሐኪሙ ሲጠራት «መጣሁ» አለች እንጂ አልተነሳችም።

እኔ ተነሳሁ። ካውያ ሳልነቅል መጥቻለሁ አልኳቸውና ወጣሁ፤ ካውያው ተነቅሎ ነበር። ደረጃው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ያ ቤት ከእንግዲህ ለብቻዬ ይሰፋኛል። ማን «ምግብ» ብሎ ይመልስልኛል? እዚያው አለቀስኩ፤ በደስታ ነው ያለቀስሽው ለሚለኝ ሰው እሺ እላለሁ፤ በሐዘንም ነው ቢለኝ እሺ እላለሁ። አንዲት ሴትዮ ጉንጯን ይዛ ወደ ላይ ስትወጣ አየችኝና በጣም ያማል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜን ነው የነቀሉብኝ አልኳት።